የኋለኛው ሯጭ ስንቅ

ማራቶን የሚለው ስም የማይታወቅበት ቤት በአገራችን ያለ አይመስለንም። ፊደል ያልቈጠሩ አረጋውያን እንኳ የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም በተነሣ ቍጥር ቃሉን አብረው ያነሡታል። ይሁን እንጂ እኛ ኢትዮጵያውያን ማራቶንን የምናውቀው ከፊት በኩል ብቻ ነው። ይኸውም ሪባኑን በደረቱ የሚበጥሰውን፥ ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ ሜዳውን የሚዞረውን፥ በአውሮፕላን ማረፊያ አበባ የሚበረከትለትን ሰው እናውቀዋለን እንጂ፥ እርሱ ገላውን ታጥቦ፥ ልብሱን ለውጦ፥ ምሳውን ከበላ በኋላ ገና በመንገድ ላይ የሚያዘግመውን ሌላውን ሰው አናውቀውም፤ ስምም አላወጣንለትም። ሯጭ ብንለው ያፌዝንበት ይመስለዋል፤ መንገደኛ እንዳንለው ደግሞ የሚሄድበት አገር የለውም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ስለ ኋለኛው ሰው ነው፤ እኛም ከእነርሱ አንዱ ለመሆን ስንሰናዳ ቈይተናልና። ዕድሜያችን 46 ዓመት፥ ሥራችን አማርኛ ማስተማር፥ መኖሪያችን በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ነው። በግንቦት አጋማሽ፥ በዕለተ እሑድ፥ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ለመሮጥ ስማችንን አስመዝግበናል። ሻምበል አበበ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የወሰደበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበረ። ይህም አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ገደማ መሮጥ ማለት ነው። እኛ ለአንዱ ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ያስፈልገናል። ስለዚህ ከእርሱ ጋራ በአንድነት ተነሥተን ቢሆን ኖሮ፥ እርሱ በቈስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ሲጨርስ እኛ 20ኛውን ኪሎ ሜትር ገና አልደረስንም ነበር። ይህን ሒሳብ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሠርተን ለተማሪዎቻችን ብናሳያቸው ክፍሉ በሣቅ ተሞላ፤ እኛም አብረን ሣቅን።

የሰፈራችን ሰዎች መጀመሪያ ሲያዩን ብዙ ጠየቁን። «መምህር፥ ማን አሳደደዎት?» ያሉን አሉ። «በዚህ ዕድሜ ሮጠው ውጭ አገር ሊቀሩ ነው እንዴ?» ያሉንም አሉ። ሁሉም በቀና ልብ የተጠየቀ ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ሩጫ የወጣት እንጀራ ነው እንጂ የጐልማሳ ልማድ አልነበረምና። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ 10 ሺህ ሰው የተሳተፈበት የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ ከተጀመረ ወዲህ ነገሩ በመጠኑ ተለውጧል። ቢሆንም በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ ከወዳጅ ጋራ እየዘፈኑ መሮጥ ሌላ ነው፤ ለ5 ወራት በየሌሊቱ ብቻን እየተነሡ መውጣት ሌላ ነው።

ለጥያቄው መልሳችን አጭር ነበረ። አባታችን በ54 ዓመታቸው፥ ከማሳ ተመልሰው ደጃፍ እንደ ደረሱ ወደቁ፤ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ በ4ኛውም ቀን ዐረፉ። በመንደራችን ምች ነው ተባለ፤ ሌላም ሌላም ተባለ። እኛ ግን ከ3 ዓመት በፊት ስለ ሌላ ጕዳይ ወደ ሐኪም በሄድን ጊዜ የደም ግፊታችን 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም የአባታችንን ታሪክ ከሰማ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፥ «መምህር፥ እርስዎ ጨው ይቀንሱ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ በየ3 ወሩ እየመጡ ይለኩ» አለን። መራመድ ጀመርን። ከ8 ወር በኋላ መራመዱ ሳይታወቀን ወደ ሶምሶማ ተለወጠ። ልባችንም በመሣሪያ ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ከተነገረን በኋላ ሶምሶማው ሩጫ ሆነ። ባለፈው ጥር በተለካን ጊዜ ግፊታችን 132 በ84 ነበረ።

ባለቤታችን ግን በዚህ አልተጽናናችም። ስለ 42 ኪሎ ሜትሩ በነገርናት ማታ ማዕዱን ሳታነሣ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያም፥ «አባትህ ደጃፍ ላይ ወደቁ። አንተ ደግሞ ሰው አገር አስፋልት ላይ ልትወድቅ ነው?» አለች። ይህን ቃል በቀላሉ የሚመልስ ባል ካለ እርሱን ማወቅ እንወዳለን።

እግራችን ሩጫን የለመደው በስፖርት ሜዳ አይደለም። የልጅነት ዘመናችን ያለፈው በጎጃም በቅኔ ቤት ነው፤ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ለመሻገር 2 ቀን በእግር መጓዝ የታወቀ ነገር ነበረ። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነ ሰው የመጀመሪያው አሠልጣኙ ማን እንደ ሆነ አይጠፋውም፤ ውሻ ነው። ውሻ ከየትኛው አጥር እንደሚወጣ፥ ስንት ሜትር እንደሚያሳድድ፥ በየትኛው ወንዝ ላይ እንደሚመለስ የቆሎ ተማሪ ከዳዊቱ ጋራ አብሮ ያጠናል። በጕዞው ቀን ስንቃችን በሶ ነበረ። ገብሱ ተቈልቶ፥ ተፈጭቶ፥ ጨው ገብቶበት በከረጢት ይያዛል፤ ምንጭ ሲገኝ በእፍኝ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ይህን የምናነሣው ልጅነት ናፍቆን አይደለም፤ በሶው ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ስለ አሮጋገጥ ያስተማረን የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን የሆነ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋራ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ይሮጣል። አንድ ሌሊት ከእርሱ ጋራ ወጣን፤ ጥቂት እንደሄድንም እንዲህ አለን፤ «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና በጣም ይቸኩላሉ።» ከእኛ ይልቅ በእጥፍ የሚፈጥን ልጅ ይህን ሲናገር ያሾፈ መሰለን። እርሱ ግን ከልቡ ነበረ። እነርሱ ቀላል በሚሉት ቀን ተራ በተራ ተሰልፈው፥ የፊተኛውን ተረከዝ እያዩ፥ በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ እጅግ ቀስ ብለው ይሮጣሉ። በዚያ ቀን መቅደም ነውር ነው። ፈጣኑ ቀን ሌላ አለው። «ቀላሉን ቀን ከባድ ካደረጉት፥ ከባዱ ቀን ሲመጣ እግር አይኖርዎትም» አለን።

እንግዲህ ቀላል መሆኑን በምን እንወቅ? በሐኪሞችና በአሠልጣኞች ዘንድ የታወቀው መለኪያ፥ ሰው እየሮጠ ሳይቈራረጥ መናገር የሚችል ከሆነ ልኩን አላለፈም የሚል ነው። እኛ ብቻችንን የምንሮጥ በመሆናችን የምናነጋግረው ሰው የለንም። ስለዚህ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ድምፃችንን አሰምተን እንላለን። እስከ ፍጻሜው በሁለት በሦስት እስትንፋስ ከደረስን ደኅና ነው፤ በየቃሉ መካከል ማለክለክ ከመጣ ቀስ እንላለን። እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ አየሩ ሣሣ ያለ ነው፤ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ጸሎቱ መቈራረጡ አይቀርም። በዚያ መንገድ ቀድሞ እናቶች ከቁመታቸው የሚረዝም የእንጨት ሸክም በጀርባቸው አዝለው በሩጫ ይወርዱ እንደ ነበረ የአዲስ አበባ ሰው ያስታውሳል። ለእነርሱ ማንም ሰዓት አልያዘላቸውም።

ስለ ማራቶን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር አገኘን፤ አንባብያንም እንዲያውቁት እንወዳለን። የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን በግሪክ አገር ከማራቶን ሜዳ እስከ አቴና የተሮጠው በ1888 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን ነው። የዐድዋ ጦርነት በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ስለ ነበረ፥ ሩጫው ከድሉ በ40ኛው ቀን መሆኑ ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው መጋቢት 28 ቀን ነበረ። ስለዚህ ሩጫው በትንሣኤው ሳምንት፥ በዓርቡ ቀን ተሮጠ። ያሸነፈውም ስፒሪዶን ሉዊስ የሚባል ውኃ አመላላሽ ኦርቶዶክሳዊ ግሪካዊ ነበረ። ርቀቱ በዚያን ጊዜ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ የቀረው 2 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የተጨመረው በ1900 ዓ.ም. በለንደን፥ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በሜዳው ውስጥ በንጉሣውያን ቤተሰብ ሰገነት ፊት እንዲያልቅ ሲባል ነው። ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮም ለሁሉ ሕግ ሆነ። በመጨረሻዎቹ 195 ሜትሮች ላይ እግራችን ሲዝል የእንግሊዝን ንጉሣውያን ቤተሰብ ማስታወሳችን አይቀርም።

እንግዲህ ያ የመጀመሪያ ሩጫ በትንሣኤ ሳምንት ከተሮጠ፥ የዝግጅቱ ወራት የሑዳዴ ወራት ነበሩ ማለት ነው። የእኛም እንዲሁ ሆነ። ለማራቶን ጀማሪ ከ16 እስከ 18 ሳምንት ያህል መሰናዳት ያስፈልገዋል፤ ከግንቦት ወደ ኋላ ሲቈጠር 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች በመካከሉ ይገኛሉ። በቤታችን ልማድ በጾሙ የሥራ ቀኖች እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም። ለሚሮጥ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። ባልንጀሮቻችን ሁለት ዐይነት ምክር ሰጡን። አንዳንዶቹ፥ «ዘንድሮ ብቻ ጾሙን አላላው» አሉን። ሌሎቹ፥ «ጾምና ሩጫ ምን አገናኛቸው፤ ሩጫውን ተወው» አሉን። እኛ ግን ሁለቱንም ትተን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን።

አባም ነገሩን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፥ «ልጄ፥ ሐኪሙ ያዘዘህ ምንድን ነው?» አሉን።

መራመድ ነው ያዘዘን አልናቸው።

«እንግዲያስ 42ቱን ኪሎ ሜትር የጨመርኸው አንተ ነህ። ራስህ የጨመርኸውን ሸክም ጾሙ አይሸከምልህም፤ አንተው ተሸከመው። ሰዓቱን ቀይር።» ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፥ «ራስህ ከዞረ ግን ጠጣ፤ እኔን ፍለጋ አትምጣ» አሉን።

ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ሌሊት እንደ ሆነ ባስረዳናቸው ጊዜ ፈገግ አሉ። ቅዳሜና እሑድ፥ ከቀዳም ሥዑር በቀር፥ በጾሙ ውስጥ ቢሆኑም ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ የማይጾምባቸው ቀኖች መሆናቸውን ድቍና የተማረ ሰው አይረሳውም። «ቅዳሜ ውኃ ማን ከለከለህ?» አሉን። ያላረካቸው ውድድሩ በእሑድ መሆኑ ነበረ። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ጸጥ ብለው መስቀላቸውን በጣታቸው ሲዳስሱ ቈዩ፤ በመጨረሻም፥ «አንድ እሑድ ነው። ሁለተኛ እንዳይወልድ» ብለው አሰናበቱን።

ሰዓቱን ቀየርን። በሥራ ቀን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣን እንበላለን፤ ሁለት ሰዓት ያህል ካሳለፍን በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንሮጣለን። ከዚያም እራት አለ። ማክሰኞና ሐሙስ 8 ኪሎ ሜትር፥ ረቡዕ 5፤ ሰኞና ዓርብ ዕረፍት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሩጫ የለም። ስለ ምግቡ የቤት እመቤቶች ሳይጠይቁን አይቀሩም። ሥጋና ወተት፥ ዕንቍላልም ከሌለ ጡንቻ በምን ይጠገናል ብለን እኛም አስበን ነበር። ነገር ግን የጾም ገበታችን ጥራጥሬ የሞላበት ነው፤ ሽሮውም፥ ምስሩም፥ ሽንብራውም ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ገንቢ ነገር ይሰጣሉ፤ ከእህል ጋራ ሲበሉ ደግሞ የአንዱን ጕድለት ሌላው ይሞላል። ጤፉ ብረት አለው። ይህ ከእህል የሚገኝ ብረት ከቡና ወይም ከሻይ ጋራ ሲወሰድ ሰውነት እንደሚገባ አይቀበለውም፤ ሎሚና ቲማቲም ሲታከልበት ግን የበለጠ ይቀበለዋል። ስለዚህ ቡናችንን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል እናርቃለን። በቤታችን ውስጥ ከሁሉ የከበደው ትእዛዝ ይህ ነበረ፤ ቡና ተፈልቶ፥ ዕጣን ጤሶ፥ ባል ሰዓቱን እያየ ሲቀመጥ ለማንም ደስ አይልም። ተልባና ሱፍ ፍትፍት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምግባችን ነበሩ።

ቅዳሜዎቹን በጾሙ ሳምንታት ስም መዝግበናቸዋል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርን፥ በየአራተኛው ሳምንት መልሰን እየቀነስን ሄድን፤ አጥንትና ጅማት ከልብና ከሳንባ ዘግይተው የሚጠነክሩ ስለ ሆነ መቸኰል አይጠቅምም። በምኵራብ 18 ኪሎ ሜትር ሮጥን። በመፃጕዕ ቅዳሜ ቀኝ ጕልበታችን አበጠና የሳምንቱ ስም በእኛ ላይ ተፈጸመ ብለን ሣቅን፤ 4 ቀን ዐርፈን ተነሣን። ኒቆዲሞስ በሌሊት የሚመላለስ ሰው ስለ ነበረ ያንን ቅዳሜ በተለይ ወደድነው።

በገብር ኄር ቅዳሜ የሆነውን ግን በዝርዝር መናገር ይገባል። ዕቅዱ 27 ኪሎ ሜትር ነበረ። እስከ 23ኛው ድረስ ጸሎቱ ሳይቈራረጥ ደረስን። በ24ኛው ላይ በድንገት፥ መብራት እንደሚጠፋ ሁሉ፥ ጕልበት ጠፋ። ሕመም የለም፤ ትንፋሽም አልከበደም፤ ብቻ እግሮቻችን የሌላ ሰው እግሮች ሆኑ። ዕዝነ ልቡናችን ደነዘዘ፤ በቃላችን የምናውቀው ጸሎት መካከል ላይ ጠፋን። አባታችን ያን ዕለት ከማሳ ሲመለሱ እንዲህ ተሰምቷቸው ይሆን ብለን አሰብን፤ ይህም አሳብ ከድካሙ የባሰ ነበረ። መንገድ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድመን አንብበን ስለ ነበረ አልታወክንም ማለት ይቻላል፤ ፈጽሞ አልፈራንም ማለት ግን አይቻልም። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ውስጥ ከሚበላው እህል የተሠራ ስኳር ያከማቻል፤ ይህ ጎተራ ለአብዛኛው ሰው ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ አያደርስም። ከዚያ በኋላ ሰውነት ወደ ስቡ ይመለሳል፤ ስቡ ደግሞ ብዙ ነው፥ ነገር ግን እንደ እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ፈጥኖ የሚሮጥ ጎተራውን ፈጥኖ ያራቍታል፤ ቀስ የሚል ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስቡን እየቀላቀለ ስለሚሄድ ስንቁ ይበረክትለታል። ማለዳ ሳይበላ የወጣ ሰው ጎተራው ይበልጥ የጎደለ ነው። ማራቶን ከባድ የሆነው በርቀቱ ብቻ ሳይሆን፥ ከሰውነት ስንቅ ጥቂት አልፎ እንዲያልቅ ሆኖ በመቀመጡ ነው። አውሮፓውያን ለዚህ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ጣፋጭ ማር መሰል ነገር ሠርተዋል። እኛ በወገባችን የያዝነው በላስቲክ ጠርሙስ የተበጠበጠ በሶ ነበረ፤ ጨውም፥ ስኳርም ገብቶበታል። ጠጣነው። 10 ደቂቃ ያህል ከተራመድን በኋላ እግሮቻችን ወደ እኛ ተመለሱ፤ ጸሎቱንም ካቆምንበት ቀጠልነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየ40 ደቂቃው፥ ሳይርበን በፊት፥ ጥቂት ጥቂት እንጠጣለን። ውኃንም ቢሆን ከጥም በላይ አብዝቶ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ እንደሚያደክም፥ አልፎም ለሕይወት እንደሚያሰጋ ስለ ተረዳን በልክ አደረግነው።

ይህን ለተማሪያችን በነገርነው ጊዜ በሶው አስገረመው። እርሱስ ከሩጫ በፊት ምን እንደሚቀምስ ጠየቅነው።

«ከሩጫ ስመለስ ሻይ በዳቦ አለ» አለን።

ጾም ሲሆንስ አልነው።

«ጾምም ሲሆን ያው ነው።»

በፍስክስ?

«በፍስክም ያው ነው፥ መምህር።»

ስለ ጾምና ስለ ሩጫ ያን ሁሉ ስንመረምር፥ ሰዓት ስንለዋውጥ፥ ብረትና ቡና ስንለይ የከረምነው ሰዎች በዚህ መልስ ፊት ምን እንበል? ባለቤታችን ሰማች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ሌሊት የሚበጠበጠው በሶ ለሁለት ሰው ሆነ። ልጁ ግን ሌላ ነገር አለው። ትምህርቱን ትቶ ሙሉ ቀን ለመሮጥ ያስባል፤ ሯጭ ቤተሰቡን የሚያሳልፈው በ20 ዓመቱ ነው፥ መምህር ግን መቼ ነው? ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው የድፍረት አልነበረም። እኛም የሻምበል አበበን ፍጻሜ ነገርነው፤ በሮማ ካሸነፈ በኋላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈይቶ፥ ለሁለተኛ ጊዜ ማሸነፉን፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ መታሰራቸውን፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት በመወርወር መወዳደሩን፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ማረፉን። እኛ ዛሬ እርሱ ካረፈበት ዕድሜ በ5 ዓመት እንበልጣለን። ልጁ እስከ መጨረሻው በጥሞና ከሰማ በኋላ፥ «ቢሆንም ሮጧል» አለን። እስካሁን ከትምህርት ቤት አልቀረም። የ12ኛ ክፍልን መፈተን አለመፈተኑን ግን ዛሬ በእርግጥ የሚናገር የለም፤ በሶውን የሚጠጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ሆነ፥ በየቅዳሜው ጥቂት ጥቂት እንነጋገራለን።

በሰሙነ ሕማማት ሩጫ አልነበረም። ነገር ግን ስግደቱን ከልምምድ ያልቈጠረ ሰው ይሳሳታል፤ ከስቅለት ማግስት በጭናችን ላይ የተሰማን ሕመም ከ27ቱ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነበረ። በፋሲካም ዶሮውን በልክ በላን፤ ይህን ስንል ልጆቻችን የሚቃወሙን ቢሆንም። ጾም የሌለባቸው 50 ቀኖች ከገቡ በኋላ የመጨረሻው ረጅም ሩጫ 32 ኪሎ ሜትር ተሮጠ፤ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወሰደብን፤ መብራቱም አልጠፋም። አሁን ውድድሩ 2 ሳምንት ቀርቶታል፤ ሥራው መቀነስ ብቻ ነው። በእነዚህ ቀኖች የሚጨመር ኪሎ ሜትር ጕልበት አይሆንም፤ ድካም ብቻ ነው የሚሆነው። የስምጥ ሸለቆው ከተማ ከእኛ ሰፈር እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ እስትንፋሱ ይቀልላል፥ ሙቀቱ ግን ይበረታል፤ ስለዚህ ሩጫው ከማለዳው በ12 ሰዓት ይጀመራል።

ባለቤታችን ባለፈው ሐሙስ ማታ የልጃችንን ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣችና አጠገባችን ተቀመጠች። እስከ ዚያች ማታ ስለ ውድድሩ ቀን አንዲት ቃል አልተናገረችም ነበር። በዚያ ከተማ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቀችን፤ 3 ሰዓት ሳይሆን አይቀርም አልናት። ከዚያ በኋላ የት መቆም እንደሚሻል ጠየቀችን። ሰው የሚከብደው ከ30 ወዲያ ስለ ሆነ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብትሆን መልካም ነው አልናት። እዚያ ስንት ሰዓት እንደምንደርስ እንድናሰላላት ደብተሩን ሰጠችን። ለአንዱ ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ፥ ለ35ቱ 245 ደቂቃ፤ 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ብለን ጻፍንላት። ጽሑፉን አየች፤ እርሳሱን ተቀብላም በሥሩ 4 ሰዓት ተኩል ብላ ጨመረችበት።

«እስከዚህ ድረስ በሶውን ይዤ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከዚህ ካለፈ፥» አለች፥ «እኔ ወደ አንተ መምጣት እጀምራለሁ።»